የድል በዓል ሁለት ዕለታት በጐጃም ታሪክ ሲመዘኑ

ንጉሥን የሚያስብ በዓል ሁለት ነገር ይይዛል፤ አንዱ የንጉሡ ስም ሲሆን፥ ሁለተኛው በዘመኑ የተፈጸመው ሥራ ነው። ዙፋኑ ሲወድቅ ሁለቱን መለየት ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሃዋይ ደሴቶችን በአንድ መንግሥት ሥር ላዋሐደው ለቀዳማዊ ካሜሃሜሃ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1871 ዓ.ም. የተደነገገው በዓል፥ ንጉሣዊው መንግሥት በ1893 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላም ዕለቱን ሳይለውጥ ዘልቋል። በኢትዮጵያ ግን የድል በዓል ዕለት ተለውጧል፤ የለውጡም ፍቺ በጐጃም በጕልህ ይታያል።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ፤ ከዚያም በበላያ በኩል ወደ ጐጃም ደጋ ዘለቁ። እንደ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፥ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ያሉ አርበኞች በአምስቱ ዓመት ለጠላት ስላልተገዙ፥ የንጉሠ ነገሥቱ መንገድ አስቀድሞ ተጠርጎ ነበር። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ከጠላት ጋር ተባብረው የነበሩት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉም በዚያው ገቡላቸው። በዚያው ዕለት ከኬንያ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ከ29 ቀን በኋላ፥ ሚያዝያ 27 ቀን፥ ጠላት በ1928 ዓ.ም. በገባበት ዕለት ዋና ከተማቸው ገቡ፤ በዓሉም በዚህ ዕለት ጸና።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ በኋላ፥ ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። በአዲስ አበባ በኩል ሲታይ ድሉ ከንጉሡ መመለስ ተለየ፤ ነገር ግን በዕለቱ ከተማዪቱን የያዘው የውጭ ጦር ነበር። በደብረ ማርቆስ በኩል ሲታይ ደግሞ መለየቱ ከንቱ ነው፤ መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የገቡበት ዕለት ነውና።

ይሁን እንጂ ጐጃምና ንጉሡን ያገናኘው ድሉ ብቻ አልነበረም። በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በስቅላት ተቀጣ፤ በ1960 ዓ.ም. የጐጃም ገበሬ በግብር ምክንያት ዐመፀ። ስለዚህ በዚያ አገር የንጉሡና የአርበኛው ስም በአንድ በዓል መጠራቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ፤ የሚጠራውም የአርበኞች የድል ቀን ተብሎ ነው። ዕለቱ የንጉሡ መግቢያ ሆኖ ቀረ፤ ስሙ ግን ንጉሡ ከመግባታቸው በፊት አገሩን ለያዙት ተሰጠ።