የአዳራሹ ጣሪያ

አጎቴ ከቡለን ደወለ። የወላጅ መምህር ኅብረት ውስጥ አለበት። «አንተ ኢንጂነር አይደለህ? የትምህርት ቤቱን አዳራሽ መብራት ወደ ኤልኢዲ ልንቀይር ነው፤ ምን እንግዛ?» አለኝ። እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። ሰርኪት የተማርኩት ፈተና ለማለፍ ያህል ነው። ይህን ላስረዳው ስሞክር «ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው አምፖል ያቅተዋል እንዴ?» ብሎ ዘጋው።

አዳራሹን በደንብ አውቀዋለሁ። 20 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ጣሪያው ላይ 24 የፍሎረሰንት ቤቶች ተሰቅለዋል፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቱቦ። ተማሪ እያለሁ ከ48ቱ ግማሹ በርቶ አይቼ አላውቅም። ማታ ኃይሉ ሲደክም ቱቦው ጫፍና ጫፉ ላይ ቀላ ብሎ ይርገበገባል እንጂ አይነሳም። ዘበኛው በመጥረጊያ እንጨት ስታርተሩን ቆርቆር ያደርገዋል፣ አንዳንዴ እሺ ይላል። የተቃጠሉትን ቱቦዎች እኛ ሰይፍ አድርገን እንፋለምባቸው ነበር። ሲሰበር ቡን ብሎ ከሚወጣው ነጭ ዱቄት ጋር ሜርኩሪ እንዳለ የነገረን የለም።

በ2013 ዓ.ም. ያ አዳራሽ መኝታ ሆነ። ታኅሣሥ 14 ቀን ንጋት ላይ በዚያው በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ የተረፈው ሕዝብ ወደ ቡለን ከተማ ሸሸ። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ስልክ ስሞክር ነበር። አክስቴ እንጀራ ይዛ ትመላለስ ስለነበር በኋላ የነገረችኝን ብቻ ነው የማውቀው። ከዚያ ሁሉ ቱቦ የሚሠራው ሦስት ነበር። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይርገበገባል። ዓይን ስለሚያም እናጥፋው ሲባል እናቶቹ እምቢ አሉ፤ ልጆቹ ጨለማ ውስጥ እየባነኑ ይጮሁ ነበርና። አጎቴ «ምን እንግዛ?» ሲለኝ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ለአምፖል ጥያቄ ሁለት ሳምንት ያነበብኩትም ለዚያ ይመስለኛል።

ሳነብ ደግሞ ነገሩ ወደ ታሪክ ወሰደኝ። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ የጀመረው ከመብራት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ቤተ መንግሥት በጄኔሬተር በራ፤ በ1904 ዓ.ም. ገደማ በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውሃ ማመንጫ ተሠራ። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት በስሙ ውስጥ ከኃይል በፊት መብራትን አስቀደመ። ዛሬም ስሙ ስንት ጊዜ ተቀይሮ፣ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ እንኳን፣ እኛ «መብራት ኃይል» እንለዋለን። ፍሪጅ ሲቆም፣ ወፍጮ ሲቆም፣ ዋይፋይ ሲሞት የምንለው አንድ ነው፦ መብራት ጠፋ። ቋንቋችን ኤሌክትሪክን ያወቀው በመጀመሪያ አገልግሎቱ ነው፣ እዚያው ቀረ።

ፍሎረሰንቱም እንደዚሁ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ቱቦው ረጅም የሆነው ለውበት አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ በሜርኩሪ ተን ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ መጓዝ ስላለበት ነው። ለመነሳት ስታርተር፣ ከተነሳ በኋላ ኃይሉን ለመግታት ባላስት ያስፈልገዋል። ሲያጉረመርም የምንሰማው ባላስቱን ነው። ኤልኢዲ ይህ ሁሉ አይነካውም። ነጭ ብርሃን እንዲሰጥ ያስቻለው ሰማያዊው ኤልኢዲ ነው፤ እሱን የሠሩት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 ኖቤል የተሸለሙበት፤ አንዷ ፍሬ ከምስር አትበልጥም። ታዲያ ለምን 1.2 ሜትር ቱቦ ውስጥ ትደረደራለች? የዓለም ጣሪያ ሁሉ አስቀድሞ ለቱቦ ተሠርቶ ስላለቀ ነው። እዚህ ጋ ሙያዬ ረዳኝ፦ እኛም በየቀኑ የምንጽፈው አዲስ ኮድ ማንም ሊነካው በማይደፍረው አሮጌ ሲስተም ላይ እንዲገጥም ተብሎ የተጣመመ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ የእኛ አገር የመጀመሪያው የአምፖል ለውጥ አይደለም። በ2001 እና 2002 ዓ.ም. ኃይል በፈረቃ ሲታደል መንግሥት ቢጫውን አምፖል እየተቀበለ ጥምዝምዙን ቆጣቢ አምፖል በነፃ አደለ፣ በሚሊዮኖች። ቁጠባው የታሰበው ግድብ እስኪደርስ ነበር። ከዚያ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በእኛው ዞን፣ በመተከል ጉባ፣ የሕዳሴው ግድብ መሠረት ተጣለ። የካቲት 2014 የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ሰጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 በ5,150 ሜጋ ዋት ተመረቀ። አጎቴ ቦንድ ገዝቷል። ቡለን ውስጥ መብራት ግን ዛሬም ይሄዳል፣ ይመጣል፤ እሱ ሲያወራው ስለ ልጁ ጠባይ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

መርካቶ ስገባ ሻጩ የሚነግረኝ ዋት ብቻ ነበር። ዋት ግን የሚበላው እንጂ የሚሰጠው አይደለም። የሚሰጠው ሉመን ነው። አንዱ ካርቶን 40 ዋት ይላል፤ ይዤው በሄድኩት መለኪያ ስሰካው 18 አሳየኝ። ሻጩ ሳቀና «እሱ የፍሎረሰንቱን ነው የሚያክለው ማለት ነው» አለኝ። ውሸት ነው ለማለት እንኳን አይመችም። የገዛሁት 18 ዋት በልቶ 2,000 ሉመን የሚሰጥ፣ ከ100 እስከ 265 ቮልት የሚችል ነው። የመጨረሻዋ ቁጥር ለቡለን ከሁሉም ትበልጣለች።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለማንበብ በካሬ ሜትር 300 ሉመን ጠረጴዛው ላይ መድረስ አለበት። 200 ካሬ ሲባዛ 60,000። ግድግዳው፣ አቧራውና ከፍታው ግማሹን ይበላሉ ብዬ 120,000 አደረግሁት፣ ማለትም 60 ቱቦ። ብሩ ግን የሚበቃው ለ40 ነበር። እኩል ብናከፋፍለው ሁሉም ቦታ 200 ይሆናል፤ ለስብሰባ ይበቃል፣ ለጥናት ያንሳል። አጎቴ እኩል ይሁን አለ፣ ሰው እንዳያማ። እኔ ደግሞ ቤታቸው መብራት የሌላቸው ልጆች ማታ የሚያነቡበትን ግማሽ እናስበልጥ አልኩ። በስልክ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ 28ቱ ለማንበቢያው፣ 12ቱ ለመድረኩ በኩል ሆኑ፤ 280 እና 120 ማለት ነው። ጠቅላላው 720 ዋት ነው። አሮጌዎቹ 48 ቱቦዎች ሁሉም ቢበሩ ከነባላስታቸው ወደ 2,400 ዋት ይበሉ ነበር።

ጥቅምት 2018 ቱቦዎቹን ይዤ ቡለን ወረድኩ። ኤሌክትሪሺያኑ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው፤ ካቻቢቴያቸውን ደረት ኪሳቸው ሰክተው መጡ። ከአሮጌዎቹ ቤቶች ደህናዎቹን ሃያ መረጥን፤ ብረታቸው ጤነኛ ነው፣ አዲስ መግዛት ብክነት ነበር። ውስጣቸው በሞተ ምስጥ ተሞልቷል። ክረምት ላይ ክንፍ አውጥቶ ፍሎረሰንት ላይ የሚሰፍረው ምስጥ ነው። ኤልኢዲ ብዙም አይጠራውም ተብሏል፤ በሰኔ እናያለን።

የመጀመሪያውን ቱቦ ባላስቱን ሳንነካ ሰካሁት። ተርገበገበ። ያንኑ የአክስቴን ወሬ መሰለኝ፣ ቶሎ ነቀልኩት።

«ጋሼ፣ ባላስቱን እናውጣው» አልኩ።

«ልጄ፣ እሱን ካወጣህ ነገ አንዱ መጥቶ አሮጌውን ቱቦ ሲሰካበት ይፈነዳል፤ አስበኸዋል?»

አላሰብኩትም ነበር። የገዛሁት ቱቦ ፌዙንም ኒውትራሉንም የሚቀበለው በአንድ ጫፉ ነው። ሽቦው ለእሱ ተብሎ ከተቀየረ በኋላ ተራ ፍሎረሰንት ቢገባበት 220 ቮልቱ በቀጥታ ቀጭኗ ክር ላይ ያርፋል። ትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ገና ያልተከፈተ የፍሎረሰንት ካርቶን አለ። ካርቶኑ ይወገድ አልኩ። አጎቴ ንብረት ነው፣ በደብዳቤ ነው የሚወገደው አለ።

ስለዚህ ባላስቱን ሁሉ ቆርጠን አወጣን፣ ስታርተሩን ጣልን፣ ሽቦውን በናስትሮ ጠቀለልን። ሁለት ቀን ፈጀ፤ አንዱ ግማሽ ቀን የጠፋው መብራት ጠፍቶ ሳይሆን መሰላል ጠፍቶ ነው። ጋሼ ልጃቸውን ልከው ወፍራም ማርከር አስመጡ። በእያንዳንዱ ቤት ብረት ላይ፣ ቱቦው ሲነቀል ብቻ በሚታይበት በኩል፣ በትላልቅ ፊደል ጻፉ፦ «ባላስት የለም። ኤልኢዲ ብቻ። መብራት ያለው በበሩ በኩል ባለው ጫፍ ነው።» ሃያውም ላይ። አሥራ ስምንተኛው ላይ ማርከሩ ደረቀ፤ የቀሩትን ሁለቱን በምስማር ጫሩባቸው።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ዘበኛው ማብሪያውን ተጫነ። ሁሉም ባንዴ በራ፣ ሳይርገበገብ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ወደ ላይ አየችና የትኛው ነበር ያ የሚያስቸግረው ብላ ጠየቀችኝ። ጋሼ በካቻቢቴያቸው ከመስኮቱ ሦስተኛውን አሳዩዋት።