ወርድ ላይ ያለ ሕግ ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ አስፈልጎኝ ድረ ገጹን ከፈትኩ። ጽሑፉ በአማርኛ ቁልጭ ብሎ ይታያል። “የይግባኝ ጊዜ” የሚለውን ሐረግ ፈልግልኝ ብዬ ኮምፒውተሩን ባዘው የለም አለኝ። ተስፋ ቆርጬ ከላይ ጀምሬ ሳነብ ግን ሐረጉ መሐል ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አብሮኝ የሚሠራ ወጣት ጠበቃ አንዱን አንቀጽ ኮፒ አድርጎ ኖትፓድ ላይ ሲለጥፈው ጉዱ ወጣ። የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክትና ቅንፍ የተደበላለቁበት ትርጉም የለሽ ነገር ነበር። “ጋሼ፣ ይሄ እኮ አማርኛ አይደለም፤ አማርኛ የሚመስል ሥዕል ነው” አለኝ። ለእኔ የታየኝም ያ የቆየ ፎንት ኮምፒውተሬ ላይ ተጭኖ ስለነበር ብቻ ነው።

ነገሩን ከቴክኒክ ባለሙያዎች ብቻ የሚገኝ ጉዳይ አድርገን እንዳንተወው የሚያስገድድ ምክንያት አለ። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል አስተዳደር ተቋማት መመሪያዎቻቸው ተመዝግበው በድረ ገጽ እንዲጫኑ ያዛል። እንግዲህ መመሪያን ድረ ገጽ ላይ ማውጣት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውለታ መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆኗል። ተፈልጎ የማይገኝ፣ ወይም አንቀጹ የተዛነፈ ጽሑፍ መጫን ይህን ግዴታ መወጣት ነው ወይ? እኔ አይደለም ባይ ነኝ።

ችግሩ የሚጀምረው ከፊደሉ ነው። ዊንዶውስ አማርኛን ከማወቁ በፊት የነበሩት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዡዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ለዓይን አማርኛ ሆኖ ለኮምፒውተሩ ግን የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። አንድ ፎንት ደግሞ ከ256 የማይበልጥ መቀመጫ ስለነበረው 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ የሚመጡት 231፣ ከነዲቃላዎቹ፣ ከነአኃዛቸውና ከነነጥቦቻቸው አልበቃቸውም። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ፎንት ያከፋፍላል፣ ሌላው የፊደሉን አካልና ቅጥያ ለየብቻ ይዞ ይገጣጥማል። በአንዱ የተጻፈው በሌላው የማይነበበውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን አድራሻ ሰጠው። “ሀ” 4608 የሚል ቁጥር አላት፤ ይህን ቁጥር ሌላ ፊደል አይጋራትም። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ለተጻፈ ሰነድ ሰበብ የለም። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል።

ሰነድዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ የወጣቱን ዘዴ ይጠቀሙ። ኖትፓድ ላይ ለጥፈው አማርኛ ሆኖ ከቆየ ዩኒኮድ ነው። የላቲን ፊደል ወይም ባዶ ሳጥን ከሆነ መቀየር ይኖርበታል። ሁሉንም አጥቁሮ ፎንቱን ኒያላ ማድረግ ምንም አይፈይድም፤ መቀመጫው ያው የላቲን ነውና። ለዚያው ለአሮጌው ፎንት የተዘጋጀ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ቅየራውም ከወርዱ ፋይል ላይ ይሁን፤ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚያውቀው እሱ ነው። ይህ መረጃ ከጠፋ በአማርኛው መሐል የገባው እንግሊዝኛም አብሮ ተቀይሮ በየትኛውም ቋንቋ የሌለ ቃል ይሆናል።

ለሕግ ሰው ከፊደሉም የሚከፋው የቁጥሩ ነገር ነው። ጸሐፊዎቻችን “1፣ 2፣ 3” የሚለውን ለወርድ ትተውለታል፤ ወርድ ራሱ ይቆጥራል። ይህ ቁጥር ግን የጽሑፉ አካል አይደለም። ኮፒ ተደርጎ የድረ ገጹ ማዘጋጃ ውስጥ ሲለጠፍ ወይ ይጠፋል ወይ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ንዑስ አንቀጽ 2 ሥር ሀ፣ ለ፣ ሐ የሚሉ ፊደል ተራዎች አሉ እንበል። እነዚህ ብዙ ጊዜ በእጅ የሚጻፉ ስለሆኑ ይተርፋሉ፤ ቆጠራውን ግን ያቋርጡታል። ከእነሱ ቀጥሎ የሚመጣው ንዑስ አንቀጽ 3 ድረ ገጹ ላይ “1” ሆኖ ቁጭ ይላል። “በንዑስ አንቀጽ 3 የተመለከተው ቅጣት” የሚል ሌላ አንቀጽ ሲመጣ አንባቢው የሚሄድበት የለውም። የድረ ገጽ ባለሙያዎች ቆጠራውን ለማሽኑ መተው ይሻላል ይላሉ። ለሱቅ ዕቃ ዝርዝር እውነታቸውን ነው። በሕግ ግን ቁጥሩ ራሱ የድንጋጌው አካል ነው፤ በእጅ እንደተጻፈ ጽሑፍ ሊቆይ ይገባል። ወርድ ውስጥ በማክሮ መስኮት በኩል የሚሰጥ “ኮንቨርት ነምበርስ ቱ ቴክስት” የሚባል ትእዛዝ የሰነዱን ቁጥሮች በሙሉ ባንዴ ወደ ጽሑፍ ይለውጣቸዋል። ከቅጂው ላይ ያድርጉት፤ ዋናውን ፋይል አይንኩ።

ሴቭ ሲያደርጉ ወርድ ከአንድ በላይ ዓይነት “ዌብ ፔጅ” ያቀርብልዎታል። “ፊልተርድ” የሚለውን ይምረጡ። ያለ ማጣሪያ የሚወጣው ፋይል ለወርድ ብቻ የሚጠቅም ኮተት የተሸከመ ነው። ከዚያም አልፎ የጸሐፊውን ስምና ሰነዱ ላይ የጠፋውን የሥራ ሰዓት ጭምር ይዞ ይወጣል። ረቂቁን ማን እንዳዘጋጀው ለዓለም መንገር የሚፈልግ መሥሪያ ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም። በ“ዌብ ኦፕሽንስ” ውስጥ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ያድርጉት። የምዕራብ አውሮፓ ተብሎ ከቀረ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በቁጥር ኮድ ይጻፋል፤ ማሳየቱን ያሳያል፣ በኋላ አንዲት ቃል ለማረም ፋይሉን ሲከፍቱ ግን የቁጥር ጫካ ነው የሚጠብቅዎት። የትራክ ቼንጅስ እርማቶችም አስቀድመው ይጽደቁ፤ አለበለዚያ የተሰረዘው ሐሳብ ካልተሰረዘው ጋር አደባባይ ሊወጣ ይችላል።

የገጽ ራስጌና ግርጌ በዚህ መንገድ አይተላለፉም። ነጋሪት ጋዜጣን በገጽ ቁጥር ለምንጠቅስ ሰዎች ይህ ትልቅ ጉድለት ስለሆነ፣ ገጹ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቁጥሩን በቅንፍ መጻፍ ነው መፍትሔው። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የቆሙበት ሠንጠረዥም በስልክ ሲከፈት እንደ ወንፊት ይጠባል። ሁለቱን መነጠልና አማርኛውን ማስቀደም ይሻላል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢኖር የሚጸናው አማርኛው ነውና ቅደም ተከተሉ የአቀማመጥ ምርጫ ብቻ አይደለም።

ፊደሉ ከተስተካከለ በኋላም “ዐቃቤ ሕግ” ብሎ የጻፈውን “አቃቤ ህግ” ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ለማሽኑ ሐ እና ሀ፣ ዐ እና አ ባዕዳን ናቸው። አንዳንዱ ይህን ለማቃለል ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል ይለውጣል። የሕግ አውጪውን ጽሑፍ የማረም ሥልጣን ለድረ ገጽ ሠራተኛ አልተሰጠም፤ ጽሑፉ እንዳለ ይቆይ፣ ሁለቱን አጻጻፍ አንድ አድርጎ የማየት ሥራ የመፈለጊያው ፕሮግራም ነው። በሁለት ነጥብ ተደራርቦ የተጻፈውን “፡፡” ወደ አንዱ “።” መለወጥ ግን ትርጉም ስለማይነካ እኔ አልቃወምም።

በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ይቀመጡ። አንዱ ፊርማና ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዞ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ድረ ገጹን ከስልኩ ላይ ይከታተል። ጊዜ ካጠረ ቁጥሮቹን ብቻ ያስተያዩ፦ አንቀጹን፣ ቀኑን፣ የብሩን መጠን። የወረቀቱ ስካንም ከጽሑፉ ጎን ይጫን፤ ማኅተሙን የሚያሳየው እሱ ነው።