ፉኝዶ ያልደረሰችው አውሮፕላን

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ ሰኞ፣ ወቅቱ የክረምት እንብርት። ከቦሌ አንዲት ትዊን ኦተር ተነሣች፤ ባለ ሁለት ሞተር፣ አጭር የሣር ሜዳ የሚበቃት፣ ለገጠር የተሠራች አውሮፕላን። መድረሻዋ ጋምቤላ፣ ፉኝዶ የስደተኞች መጠለያ ነበር። እዚያ ከሱዳን ጦርነት በእግራቸው ያመለጡ ሰዎች ሰፍረዋል፤ ብዙዎቹ እናት አባት አብሯቸው የሌለ ልጆች ናቸው።

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሚኪ ሊላንድ ይባላል። የሂዩስተን፣ ቴክሳስ ሰው፤ ዕድሜው 44። በአሜሪካ ምክር ቤት የረሃብ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው፤ ስለ አፍሪካ ረሃብ በዋሽንግተን የሚሟገት፣ ደግሞም ችግሩን በዓይኑ ሳያይ የማይቀመጥ። ሚስቱ መንታ ፀንሳለች። አብረውት አሜሪካውያንም ኢትዮጵያውያንም ተሳፍረዋል፤ ባጠቃላይ 16 ነፍስ።

እንግዲህ መንገዱን አስቡት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ ነው። የወለጋና የኢሉባቦር ደጋ በስተምዕራብ ይሰበርና ቆላው ይዘረጋል። በነሐሴ እርጥቡ አየር ያንን ገደል ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል፣ ተራራውን ይውጠዋል። አብራሪው ፊት ለፊቱ ነጭ ብቻ ያያል። ከፍታ መለኪያው ከባሕር ጠለል ምን ያህል እንደራቀ ይነግረዋል እንጂ ምድሩ ከፊቱ እየተነሣበት መሆኑን አይነግረውም። እንዲህ ባለ ቦታ ሞተሩም መሪውም ደህና ሆኖ አውሮፕላን ሳይታመም ይሞታል።

ትዊን ኦተሯ ፉኝዶ ሳትደርስ ቀረች። ዋሽንግተንና ደርግ በዚያ ዘመን ዓይንና ናጫ ነበሩ፤ ሆኖም የአሜሪካ አውሮፕላኖች ገብተው ከኢትዮጵያውያኑ ጋር እንዲፈልጉ ተፈቀደ። ዝናቡና ደመናው ፈላጊዎቹንም አስቸገረ። እሑድ፣ ነሐሴ 7 ቀን፣ ስብርባሪዋ ተራራ ላይ ተገኘ። የተረፈ ሰው የለም።

ያኔም ቢሆን ምድር ሲቀርብ የሚጮህ መሣሪያ ነበር። አሜሪካ ከ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች እንዲገጥሙት አስገድዳለች። ግን ወደ ታች ብቻ ነበር የሚያየው፤ ከፊት ቀጥ ብሎ ለሚመጣ ተራራ ማስጠንቀቂያው ይዘገያል። የምድሩን ካርታ በውስጡ የያዘው፣ ከፊት ያለውን አስቀድሞ የሚናገረው መሣሪያ የመጣው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው።

እኔን የሚቆጨኝ መሣሪያው የተዳረሰበት ተራ ነው። ከሰፊ ማኮብኮቢያ ወደ ሰፊ ማኮብኮቢያ የሚበርረው ጀት ቀድሞ አገኘው። ሸለቆ ለሸለቆ፣ በጉም ውስጥ፣ ሐኪምና መድኃኒት ጭና ማንም ወደማይደርስበት የምትሄደው ትንሿ አውሮፕላን ግን መጨረሻ ላይ ደረሳት።