ፈቃድ፣ ዋጋና ክፍያ፦ በወላይታ ሶዶ የቆሻሻ ሥራ የግዳጅ ሥራን ከሥሩ ስለመከላከል

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ባርነትን፣ በሰው መነገድንና ሰውን አስገድዶ ማሠራትን ይከለክላል። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን 29ኛ ስምምነት በ1995 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 በሰው የነገደን ከ7 እስከ 12 ዓመት፣ ተጎጂው ሕፃን ሲሆን ከ10 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ስለዚህ ሕግ አጣን ማለት አይቻልም። ሕጉ ግን ወንጀሉ ከተፈጸመ በኋላ የሚመጣ ነው፤ መከላከል የሚባለው ሥራ ከዚያ በፊት፣ በግዢና በክፍያ ላይ ይጀምራል። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው፦ በወላይታ ሶዶ ቆሻሻ የሚሰበስብ ወይም ለዳግም ምርት የሚገዛ ድርጅት ሰንሰለቱን ከግዳጅ ሥራ የሚጠብቀው የሥነ ምግባር መመሪያ በማስፈረም ሳይሆን ገንዘቡ ወደ ለቃሚው የሚወርድበትን መንገድ በመለወጥ ነው።

ወላይታ በሕዝብ ጥግግት ከሀገሪቱ ግንባር ቀደም አካባቢዎች አንዱ ነው። ከአባት ወደ ልጅ እየተከፈለ የመጣው ማሳ፣ እንሰቱም ስኳር ድንቹም ተጨምሮ፣ ብዙ ቤተሰብን ከዓመት ዓመት ማድረስ ካቃተው ቆይቷል። የወላይታ ልጆች በአዲስ አበባ ሊስትሮ፣ ሎተሪ አዟሪና የቤት ሠራተኛ ሆነው መታየታቸው ከዚህ የመጣ ነው። የሚወስዳቸው ደላላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ በመሆኑ ወላጅ አይጠረጥረውም። ሶዶ ራሷ ከአርባ ምንጭ፣ ከሆሳዕና፣ ከሻሸመኔና ከዳውሮ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። አንድ ወጣት ከገጠር ወርዶ በከተማ ሥራ ሲፈልግ አብዛኛው አሠሪ ዋስ ይጠይቀዋል። ቆሻሻ መልቀም ዋስ አይጠይቅም፤ መልካምነቱም አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ቆሻሻ በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንዱ ከየቤቱ በማኅበራት ተሰብስቦ ወደ ገንዳና ወደ መድፊያ የሚሄደው ነው። ሌላው ዋጋ ያለው ነው፦ ሃይላንዱ፣ ካርቶኑ፣ ቆርቆሮው፣ ብረታ ብረቱ። ይህንን ለቃሚው በማዳበሪያ ይሸከመዋል፤ ቆራሌው በኪሎ ይገዛዋል፤ ባለ መጋዘኑ አከማችቶ ለፋብሪካ ይጭነዋል። ከመጋዘኑ በላይ ደረሰኝ አለ። ከመጋዘኑ በታች ያለው ሚዛንና የቃል ስምምነት ነው። አንድ የ19 ዓመት ወጣት የመኪና ተከፍሎለት፣ ማደሪያ ተሰጥቶት፣ 2,000 ብር ቅድሚያ ተቀበለ እንበል። በምላሹ የለቀመውን ሁሉ ለአበዳሪው ብቻ ሊሸጥ ይስማማል። ዋጋውን የሚተምነው፣ ሚዛኑን የሚያነበውና የማደሪያውን ሒሳብ የሚይዘው ያው አበዳሪ ነው። ወሩ ሲያልቅ ዕዳው አልቀነሰም፤ መታወቂያውም በመያዣ ተቀምጧል። ማንም አልቆለፈበትም፣ ማንም አልመታውም። ይሁን እንጂ የዓለም ሥራ ድርጅት ከሚዘረዝራቸው 11 የግዳጅ ሥራ ምልክቶች ቢያንስ ሦስቱ፣ ማለትም የችግረኛን አቅመ ቢስነት መጠቀሚያ ማድረግ፣ መታወቂያ መያዝና በዕዳ ማሰር፣ ተሟልተዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ በቀጥታ ለሠራተኛው ወይም እርሱ ለወከለው ሰው እንዲከፈል ያዛል፤ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ይህ ጥበቃ ለዚያ ወጣት በቂ ጋሻ በሆነው ነበር። ነገር ግን አዋጁ በራሱ የንግድ ኃላፊነት በዋጋ የሚሠራን ሰው አይመለከትም፤ ለቃሚው ደግሞ በወረቀት ላይ ሠራተኛ ሳይሆን ሻጭ ነው። በእኔ እምነት ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው። ድርጅቱ ሠራተኞቼን በሕግ እይዛለሁ ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ዕዳ ያሰራቸው ግን በሠራተኛ መዝገቡ ላይ የሉም።

መመሪያ ብቻውን እንደማይበቃ ከሌላ አገር የታየ ማስረጃ አለ። እንግሊዝ ትልልቅ ኩባንያዎች ስለ አቅርቦት ሰንሰለታቸው በየዓመቱ መግለጫ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር። በ2019 በበርሚንግሃም የተፈረደባቸው የወንበዴ ቡድን አባላት ግን ከ400 በላይ እንደሚሆኑ የተገመቱ ፖላንዳውያንን በእርሻዎችና በቆሻሻ መለያ ማዕከላት ጭምር አሠርተው ደመወዛቸውን ይወስዱ ነበር። ክፍያው በተጎጂዎቹ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይገባል፤ ሒሳቡን የሚያንቀሳቅሰው ግን ቡድኑ ነው። ስለዚህ እኛም ጋ በቴሌብር እንከፍላለን ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። ስልኩ በማን እጅ እንዳለ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ማን እንደሚያውቅ ለቃሚውን ለብቻው አግኝቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ድህነት እንጂ ባርነት አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሳል። በወላይታ ላይ በተካሄደው የ1887 ዓ.ም. ዘመቻ ብዙ ሰው ተማርኮ በተወሰደበት፣ ባርነትም በሕግ ጨርሶ እስኪሻር እስከ 1934 ዓ.ም. በተጠበቀበት አገር ቃሉን በዋዛ መጠቀም እንደማይገባ እስማማለሁ። በራሱ ፈቃድ ለቅሞ ለፈለገው የሚሸጥ ሰው ድሃ ነው፣ ባሪያ አይደለም። መለያው መተው መቻሉ ነው፤ ዕዳው እንዳይሄድ ከያዘው ነገሩ ከድህነት አልፏል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ቁጥጥር ሲጠብቅ ድርጅቶች ከለቃሚ መግዛት ያቆማሉ፣ ድሃው እንጀራውን ያጣል ይባላል። ስጋቱ ትክክል ነው። ሆኖም ይህ ስለ ቁጥጥሩ አሠራር የሚነሳ ነው እንጂ ቁጥጥሩን የሚያስቀር አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሻሻ መድፊያ ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ሰው የሚተዳደርበት ቦታ ነው ብሎ ዝም ማለት ምን እንደሚያስከትል አይተናል። ችግር ሲገኝ ግዢ ማቋረጥ ሳይሆን ዕዳውን መሰረዝ፣ መታወቂያውን ማስመለስና ለቃሚውን በቀጥታ ሻጭነት መመዝገብ ይሻላል። ወጪውም በማኅበራቱ ላይ መጫን የለበትም፤ በኪሎ የሚከፈለው ዋጋ ላይ መታሰብ አለበት። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ብቻ የሚያሸንፍበት ጨረታ ልዩነቱን ከለቃሚው ጉልበት ላይ ያወጣዋል።

የሶዶ ከተማ አስተዳደር ለዚህ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልገውም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ሕግ ቆሻሻ የሚሰበስብ፣ የሚያጓጉዝ ወይም የሚጠቀም ሁሉ ከከተማ አስተዳደር ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል። መጋዘኖች ከለቃሚዎች በቁጥር እጅግ ያንሳሉ፤ ለመቆጣጠርም ይቀላሉ። አስተዳደሩ ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ ቅድሚያ ክፍያና ዕዳ በጽሑፍ እንዲያዝ፣ ሚዛኑ በገለልተኛ ሰው እንዲታይ፣ መታወቂያ በመያዣ እንዳይቀመጥ ቅድመ ሁኔታ ያድርግ።