ትልቅ ሰው ቋንቋ ሲማር



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ስማችሁን ጽፋችሁ፣ አሁን ይህን ገጽ በራሳችሁ ዓይን የምታነቡ ወገኖች! ከእናንተ ብዙዎቹ «ንባቡንስ ቻልኩት፤ እንግሊዝኛ ግን በዚህ ዕድሜዬ ከወዴት ይገባኛል?» ይላሉ። ልጆችም አንዳንዴ ይስቁባችኋል። እስቲ አንኮበር ላይ የሆነውን እንንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ መናገሻ ነበረች። ከእርሷ በታች አልዩ አምባ ገበያ ላይ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና የሐረር ነጋዴው ይገናኙ ነበር። በዚያ ገበያ ሁለት ሦስት ቋንቋ የሚሰማ ሰው ብርቅ አልነበረም። ከየት ተማረው ቢሉ፣ ከሰው ነው።

በ1831 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ሁለት ጀርመኖች ወደ ሸዋ መጡ። ኢዘንበርግና ክራፕፍ ይባላሉ፤ የላካቸው የእንግሊዝ የወንጌል ማኅበር ነው። ክራፕፍ ያን ጊዜ የ29 ዓመት ሰው ነበር። አማርኛና ግዕዝ አስቀድሞ ተምሯል። ኦሮምኛ ግን ገና ነበር፤ ያለ ኦሮምኛ ደግሞ አገሩን ማወቅ እንደማይቻል ገባው። ታዲያ ምን አደረገ? ቋንቋውን የሚናገር ሰው ፈልጎ ከጎኑ አስቀመጠ። ይህ ነው የሚባል መዝገበ ቃላት አልነበረም። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ጠያቂው ይጽፋል።

በ1832 ዓ.ም. ኢዘንበርግ ከሸዋ ወጣ። በፈረንጆች 1840 የክራፕፍ የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፍ ለንደን ላይ ታተመ። አንኮበር ከደረሰ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው። በመጽሐፉ ርዕስ ላይ የሰፈረው ቃል ያስገርማል፤ «ያልተሟላ» ይላል። አልተሟላም ብሎ ግን አላስቀረውም፤ አሳተመው። የክራፕፍ ስም ከሽፋኑ ላይ አለ፤ ከጎኑ ተቀምጦ ቃሉን የነገረው ሰው ስም ግን ከዚያ የለም። እኛ እንደሚመስለን ከመጽሐፉ እኩሌታው የዚያ ሰው ሥራ ነው።

«ቋንቋ ባውቅ ባላውቅ ምን ይጎድልብኛል?» የሚል ሰው ካለ ደግሞ ይህን ይስማ። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሐሪስ ጋር ውል ተዋዋሉ። በመካከል ሆኖ የረዳው ይኸው ክራፕፍ ነበር። ልብ በሉ፤ የእንግሊዝና የሸዋ ነገር በአንድ ጀርመናዊ አፍ አለፈ። ያ ቀን ያለ ጥፋት አለፈ እንበል። የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ፣ በደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ ግን በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ከኢጣሊያ ጋር ሲዋዋሉ የ17ኛው አንቀጽ ቃል በሁለቱ ቋንቋ ተለያየ። ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመነጋገር በኢጣሊያ በኩል መሄድ እንደሚቻል አማርኛው ይናገራል። ኢጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። አንዲት ግስ ናት እኮ! በእርሷ የተነሣው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ድረስ ወሰደን።

ወደ ትምህርቱ እንመለስ። ከክራፕፍ 190 ዓመት ያህል ቀድሞ፣ በዛሬው ደቡብ ወሎ የመካነ ሥላሴ ሰው የሆኑት አባ ጎርጎርዮስ ሮም ላይ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ጀርመናዊ ጋር ተገናኙ። በኋላም በፈረንጆች 1652 ጎታ ወደምትባል የጀርመን ከተማ ሄደው ሉዶልፍን አስተማሩት። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ ነበር የሚያውቀው። አባ ጎርጎርዮስ ቋንቋውን ያውቁታል፤ በፈረንጅ የሰዋስው ደንብ መጠየቅ ግን አልለመዱም። ስለዚህ ተማሪው መምህሩን ደንቡን ያስረዳል፣ መምህሩ ተማሪውን ቃሉን ያስረዳሉ። የሉዶልፍ የአማርኛ መዝገበ ቃላት የታተመው በ1698 ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን በ1658 መርከብ ሰጥሞ ሞተው ስለ ነበር አላዩትም።

እንግዲህ ከእናንተ መካከል እንግሊዝኛ የሚያውቅ ልጅ ወይም ዘመድ ያለው ሰው፣ ከአጠገቡ ይቀመጥና ይጠይቀው። የምታስተምሩም ብትሆኑ ለትልቅ ሰው የሕፃናት መጽሐፍ አትስጡ። ጋሼ በደብረ ብርሃን ፋብሪካ የሚሠሩ ከሆነ፣ በማሽኑ ላይ ከተጻፈው ይጀምሩ፤ «ስቶፕ» ማለት ቁም፣ «ዴንጀር» ማለት አደጋ መሆኑን ይወቁ። እትዬ መድኃኒት የሚወስዱ እንደ ሆነ፣ ካርቶኑን ይዘው ይምጡ። ሲሳሳቱ በልጆቻቸው ፊት አትሳቁባቸው፤ ትልቅ ሰው አንድ ጊዜ ካፈረ ነገ አይመጣም።

የእንግሊዝኛ ፊደል 26 ብቻ ነው። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በየሰባት ዘሩ ለቆጠረ ሰው ይህ ምን አለው! አስቸጋሪው ሌላ ነው። የእኛ «በ» የትም ብትገባ «በ» ናት፤ የእንግሊዝኛው ፊደል ግን በየቃሉ ድምፁን ይለዋውጣል። ስለዚህ ቃሉን ከሰው አፍ ሳትሰሙ በፊደሉ ብቻ አትመኑ።

ክራፕፍ በመጋቢት 1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ወጣ። ሊመለስ ሞክሮ ነበር፤ አልተፈቀደለትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞምባሳ ደረሰ። እዚያ አማርኛውም ኦሮምኛውም አልበቃውም። የ34 ዓመት ሰው ሆኖ እንደገና እንደ ጀማሪ ተቀመጠና ስዋሂሊ መማር ጀመረ።