ሎያሊስቶች (የአሜሪካ አብዮት)

ሎያሊስቶች የሚባሉት አሥራ ሦስቱ የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በብሪታንያ ላይ ባመፁበት ጊዜ (1775–1783 እ.ኤ.አ.) ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ታማኝ ሆነው የቀሩ ነዋሪዎች ናቸው። ተቃዋሚዎቻቸው «ቶሪ» ይሏቸው ነበር። የታሪክ ተመራማሪዎች ከቅኝ ግዛቶቹ ነጭ ሕዝብ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ከዚህ ወገን እንደነበረ ይገምታሉ። በእነሱ ምክንያት አብዮቱ ከነፃነት ትግልነቱ ሌላ የእርስ በርስ ጦርነትም ነበር።

ማንነትና ምክንያት

ሎያሊስቶች ከአንድ መደብ የወጡ አልነበሩም። የዘውዱ ሹማምንትና ብዙዎቹ የአንግሊካን ካህናት ለንጉሡ የገቡትን መሐላ ማፍረስን እንደ ክህደት ቆጠሩት። ከለንደን ጋር የሚነግዱ ሰዎች ንግዳቸው እንዳይቋረጥ ሰጉ። በሰሜን ካሮላይና ብዙ የስኮትላንድ ደገኞች ለንጉሡ ተሰለፉ፤ በኒው ዮርክም የአብዮቱ ደጋፊ ከሆኑ ባለርስቶች ጋር የተጣሉ ጭሰኞች ወደ ዘውዱ አዘነበሉ።

የብሪታንያን ግብር የሚቃወሙም ከመካከላቸው ነበሩ። የፔንሲልቬኒያው ጆሴፍ ጋሎዌይ በ1774 ቅኝ ግዛቶቹ በዘውዱ ሥር ሆነው የራሳቸው የጋራ ምክር ቤት እንዲኖራቸው ሐሳብ ቢያቀርብም፣ የቅኝ ግዛቶቹ ተወካዮች የተሰበሰቡበት የአህጉሩ ጉባኤ በጠባብ ልዩነት ወደ ጎን ተወው።

በጦርነቱ ወቅት

የአብዮቱ ኮሚቴዎች ነዋሪውን የታማኝነት መሐላ ያስምሉ ነበር። እምቢ ያለ ሰው ይታሰራል፣ ንብረቱ ይወረሳል፣ አንዳንዴም ትኩስ ቅጥራን ተቀብቶና ላባ ተነስንሶበት በአደባባይ ይዋረዳል። ክፍፍሉ ቤተሰብንም ለያየ፦ የኒው ጀርሲ ገዥ ዊልያም ፍራንክሊን ለንጉሡ በመታመኑ ሲታሰር፣ አባቱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከአብዮቱ መሪዎች አንዱ ነበር።

ወደ 19,000 የሚጠጉ ሎያሊስቶች በብሪታንያ ሥር በተቋቋሙ የቅኝ ግዛት ክፍለ ጦሮች ተዋግተዋል። በኦክቶበር 1780 በኪንግስ ማውንቴን የተደረገው ውጊያ የጦርነቱን ባሕርይ ያሳያል፤ ከሎያሊስቶቹ አዛዥ ከሻለቃ ፓትሪክ ፈርጉሰን በቀር በሁለቱም ወገን የተሰለፉት ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የአሜሪካ ነዋሪዎች ነበሩ።

ጥቁሮችና ነባር ሕዝቦች

የቨርጂኒያው ገዥ ሎርድ ደንሞር በኖቬምበር 1775 ባወጣው አዋጅ፣ ከዐመፀኞች አምልጠው ለዘውዱ የጦር መሣሪያ ለሚያነሱ ባሮች ነፃነት ሰጠ። ከእነዚህም «የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር» የተባለ ሠራዊት ተቋቋመ። በዘመኑ አውሮፓውያን ጥቁር አፍሪካውያንን በጠቅላላው «ኢትዮጵያውያን» ይሉ ስለነበር፣ ስያሜው ከኢትዮጵያ አገር ጋር የተያያዘ አልነበረም። ከወታደሮቹ ብዙዎቹን የጨረሳቸው ፈንጣጣ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ጆርጅ ዋሽንግተን ያመለጡት ባሮች እንዲመለሱ ቢጠይቅም፣ የብሪታንያው ጄኔራል ጋይ ካርልተን አልተቀበለውም፤ 3,000 ያህል ጥቁሮች ስማቸው በመዝገብ ሰፍሮ ከኒው ዮርክ በመርከብ ወጡ። በአንጻሩ ነጭ ሎያሊስቶች የየራሳቸውን ባሮች ይዘው ሄደዋል። ወደ ኖቫ ስኮሺያ ከሄዱት መካከል የተገባላቸውን መሬት በአግባቡ ያላገኙ ወደ 1,200 የሚጠጉ ነፃ ጥቁሮች በ1792 ወደ ሴራሊዮን ተሻግረው ፍሪታውንን መሠረቱ።

ከዘውዱ ጎን የተዋጋው የሞሃውክ መሪ ጆሴፍ ብራንትም የሕዝቡ መሬት በሰላም ስምምነቱ ሳይጠቀስ ስለቀረ፣ ተከታዮቹን ይዞ በዛሬዋ ኦንታሪዮ በግራንድ ወንዝ ዳር ሠፈረ።

ስደትና ውጤቱ

የ1783ቱ የፓሪስ ውል የተወረሰ ንብረት እንዲመለስ ለየግዛቶቹ ምክር እንዲሰጥ ከመደንገግ አላለፈም፤ ግዛቶቹም በአብዛኛው ችላ አሉት። ወደ 60,000 የሚገመቱ ሎያሊስቶች ከአገር ወጡ። አብዛኞቹ ኖቫ ስኮሺያንና ኩቤክን ሲመርጡ፣ ሌሎቹ ወደ ብሪታንያ፣ ባሃማስና ጃማይካ ሄዱ። የብሪታንያ መንግሥት ንብረት ላጡት ካሣ የሚወስን ኮሚሽን አቋቋመ።

የስደተኞቹ ብዛት የካናዳን ታሪክ ለወጠ። በ1784 ኒው ብራንስዊክ ከኖቫ ስኮሺያ ተለይታ ራሷን የቻለች ቅኝ ግዛት ሆነች፤ በ1791 ደግሞ ኩቤክ ለሁለት ተከፍላ፣ ሎያሊስቶች የሠፈሩበት ምዕራባዊ ክፍል ላይኛው ካናዳ ተባለ፤ ይህም የዛሬዋ ኦንታሪዮ መነሻ ነው። አብዛኞቹ ሎያሊስቶች ግን ከአገራቸው አልወጡም። በእነሱ ላይ የወጡት ሕጎች ቀስ በቀስ ሲሻሩ የአዲሲቱ ሪፐብሊክ ዜጎች ሆነው ኖሩ።