ከካታንጋ እስከ ሊሎንግዌ

የአዲስ አበባ ስታዲየምን ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከመቀመጫዎቹ ስም ቢጀምር ይበጀዋል። ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ካታንጋ። ስሞቹን ያኖረልን የተመልካቹ አንደበት ነው። ጥላ ፎቅ ከፍ ያለ ዋጋ የከፈለ ሰው ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠለልበት ነው። ከማን አንሼ ክብር በቲኬት ዋጋ መለካቱን እያወቀ መበለጥን እንቢ ያለ ሰው ቃል ይመስላል። ካታንጋ ከኮንጎ የመጣ ስም ነው፤ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር የዘመቱባት፣ በጦርነት የታወቀች ግዛት ነበረች። ስሟ ጩኸት ለማይለየው ወገን ተሰጠ። እንግዲህ ሜዳው ሁሉን በአንድነት ሲሰበስብ፣ ኪስ በመካከላቸው አጥር አቆመ።

አጥሩ የሚረሳበት ቀንም ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚሁ ስታዲየም ኢትዮጵያ ለ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተገናኘች። ግብፅ ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር፤ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎችም የወሰደች እርሷ ነበረች። ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለት ጊዜም ኢትዮጵያውያን አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ከ10 ዓመት በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። አዲስ አበባም ውድድሩን በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ደግማ አስተናገደች።

ዘመን ተለወጠ። ኮንፌዴሬሽኑ የተመልካች ወንበሩን፣ የመልበሻ ክፍሉን፣ የሌሊት መብራቱን አንድ በአንድ የሚመዝን ሆነ። በዚህ ሚዛን የአዲስ አበባው ስታዲየም ቀለለ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የባሕር ዳሩ ተከተለው። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረውና ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታሰበው የአደይ አበባ ስታዲየም ገና አላለቀም ነበር። ለአዲስ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ይጣላል፣ ንግግር ይደረጋል። አሮጌውን መጠገን ግን ሪባን የማይቆረጥለት ሥራ በመሆኑ ባለቤት ያጣል።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች ግብፅን 2 ለ 0 ረታች። መዝገቡ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ እንደነበረች ይናገራል፤ ሜዳው ግን የማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ ውስጥ ነበር። ከዋንጫው ድል ወዲህ 60 ዓመት አልፏል።

ቀድሞ የድሃው ቅሬታ ፀሐይ ላይ መቀመጡ ነበር። ቢሆንም ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሰው ግቡን በዓይኑ አይቷል፣ ድምፁም ለተጫዋቹ ደርሷል፤ ለልጅ ልጁም «ነበርሁ» ብሎ ያወራል። ጨዋታው ወደ ሰው አገር ሲሰደድ ለአውሮፕላን መክፈል የማይችል ሁሉ በሩ ተዘጋበት። የጥላ ፎቁም የካታንጋውም ሰው በቴሌቪዥን ፊት እኩል ሆኑ። ከማን አንሼ ሲመኘው የኖረው እኩልነት ግን ይህ አልነበረም።